የሞኝ ጥያቄ በእንጦጦ

«አንድ ሞኝ የተከለውን ሃምሳ ሊቃውንት አይነቅሉትም» ይላል ተረታችን። ሞኝ የጠየቀውንስ ስንት ሊቃውንት ይመልሱታል? እርግጥ «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል ሌላ ተረትም አለ። ይሁን እንጂ በጉባኤ መካከል ቢነሣ የሚያስቅ፣ ጠያቂውን አንገት የሚያስደፋ ጥያቄ መኖሩን የማያውቅ የለም። እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ላይ ቆሞ ሊጠየቅ የሚችለው አንዱ እንዲህ ያለ ነው፦ ለመሆኑ ንጉሡ ዘውድ በጫኑ ጊዜ ግብሩ የተበላው በማን ማገዶ ነው?

ስለ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ብዙ ተጽፏል። ዳግማዊ ምኒልክ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት የተባሉት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለ ዘውዱ፣ ስለ ካባው፣ ስለ መኳንንቱ አቀማመጥ የሚጠይቅ ተማሪ አዋቂ ይባላል፤ ስለ ማገዶ የሚጠይቅ ግን ይሣቅበታል። ሣቁ ያለ ቦታው ነው። ሞኝ ጥያቄ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም፤ መልሱ ቢታወቅም ባይታወቅም ምንም የማይለውጥ ጥያቄ ሞኝ ነው። የማገዶው ግን ዋና ከተማን ያህል ነገር ያናወጠ ነበር።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ጠላትን ከሩቅ ለማየት፣ የመጣውንም ለመመከት የተመቸ አምባ ነው። ለጠላት ያስቸገረው ዳገት ግን ውኃ ቀጂዋንና እንጨት ለቃሚዋንም አላዘነላቸውም። ብርዱ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ይሻል፤ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ጠላ ጠማቂዋ እሳት ይሻሉ። ግብር በተገባ ቁጥር ጥዱና ወይራው ይመናመናል፣ ተሸካሚዋም ነገ ከዛሬ ርቃ ትሄዳለች።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ካሉት በኋላ ቤተ መንግሥቱ ቀስ በቀስ ከተራራው ወረደ። የፍል ውኃው ፈዋሽነትና የአየሩ ለስላሳነት በየመጽሐፉ ይነገራል፤ እውነትም ነው። የማገዶው ችግር ግን አብሮ ወረደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ከተማውን ትተው ደን ወዳልራቀው ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው፣ በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፤ ኋላ ሕንፃው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። የቀደሙት ነገሥታት ከሰፈር ሰፈር የተዘዋወሩት ለጦርነትና ለግብር መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን፣ በሠራዊቱ ዙሪያ ያለው እንጨት ስላለቀም ጭምር ነው።

ዑደቱን የሰበረው ከአውስትራሊያ የፈለቀ፣ ሕዝቡም ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ባሕር ዛፍ ያለው ተክል ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ዳግመኛ ለመጥረቢያ ይደርሳል። ከተማዋ ሳትነቀል የቀረችው በአያሌው በእርሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣው የትኛው የውጭ ሰው ነው በሚለው ላይ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ማን ተሸከመው ብሎ የተከራከረ ግን ብዙም አልተሰማም።

የተሸከሙት ሴቶች ናቸው። አብዛኛውን ሃያኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የከተማዋ ምጣድ የተሰማው ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው በሚወርዱ እናቶችና ልጃገረዶች ጀርባ ነው። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ያልፍ ነበር፤ የደን ጠባቂው ቁጣ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። ጉዳዩ ዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ለጥናት እስኪያነሣሣ ድረስ የአደባባይ ጥያቄ አልሆነም፤ ሁሉም በየማለዳው ያየው ነበርና የሚጠየቅ አልመሰለውም።

በእንጦጦ ማርያም ቅጥር ግቢ ባለው ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ አልባሳት በክብር ተቀምጠዋል። ከደጃፉ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ቁልቁለት የእነዚያ ሴቶች መንገድ ነበር።