የኤሌክትሪክ ወንበሩን ወሬ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ

ወዳጆቼ፣ በተለይ 9ኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጓደኛዬ ስለ ታሪክና ማኅበራዊ ሚዲያ ኮርስ ይዞ "በረዳትነት አግዘኝ" አለኝ። በዲፕሎማዬ? ብዬ ሳቅኩ፤ ግን ገባሁበት። ሥራዬ ተማሪዎቹ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ያገኙትን ታሪክ ምንጩን ሲያጣሩ ማገዝ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ልጅ ምን ይዛ ብትመጣ ጥሩ ነው? አፄ ምኒልክ ከአሜሪካ የሞት መቅጫ የኤሌክትሪክ ወንበር አስመጡ፣ አገሩ መብራት ስለሌለው አንዱን ዙፋን አደረጉት የሚለውን! ክው አልኩ። ይህን ስንቴ ክፍል ውስጥ አውርቼ አስቄያችኋለሁ።

አብረን ፈለግን። ዘመኑማ ይገጥማል። ምኒልክ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 1882 ዓ.ም. ነው። በወንበሩ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገደለው ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት፣ ኦበርን ወህኒ ቤት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1890፤ በኛ አቆጣጠር እዚያው 1882 መጨረሻ ላይ ይወድቃል። እውነት የሚያስመስለውም ይኸው ነው። ግን የጸሐፌ ትዕዛዝ ገብረ ሥላሴን ዜና መዋዕል ብናገላብጥ የለም። በዘመኑ ቤተ መንግሥቱን ያዩ ፈረንጆች ከጻፉት ባገኘነውም ውስጥ የለም። ስልክና ባንክ ያስገባ ንጉሥ ላይ መሳቂያ የሚሆን ወሬ፣ እኛው ተቀብለን ስናዞረው ኖረናል።

ልጅቷ "መምህር፣ እርስዎ ከማን ሰሙት?" አለችኝ። ከአስተማሪዬ። "እሳቸውስ?" እንጃ።

ይቅርታ ልጆች። ከኔ ሰምታችሁ ለሌላ ያወራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ልጅቷ ሰንሰለቱን መዝግባ ልትከተለው ነው።