ስላይዱ ለማን ነው?

ከዓመታት በፊት ሮቤ ውስጥ ስለ ገጠር መሬት ሕግ እንዳስረዳ ተጋብዤ ነበር፡፡ 40 ስላይዶች አዘጋጅቻለሁ፤ አብዛኞቹ ያኔ ሥራ ላይ ከነበረው አዋጅ ቁጥር 456/1997 ቃል በቃል የተገለበጡ አንቀጾች ናቸው፡፡ ሦስተኛው ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ፡፡ ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት በአስተርጓሚ፣ «ታዲያ የእኔ ወሰን በየት በኩል ነው?» አሉኝ፡፡ የማሳያቸው ነገር አልነበረኝም፡፡ ቢበራም አልነበረኝም፡፡

ካርታ፣ ፎቶግራፍ፣ ቻርትም ሆነ ስላይድ የሚያስፈልገው ቃል ብቻውን የማያደርሰውን ለማድረስ ነው፡፡ አንቀጽ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ማንበብ ግን ታዳሚውን ከማድከም አያልፍም፤ ሰው እያነበበ ማዳመጥ ይቸግረዋልና፡፡

የተሻለውን መንገድ ቆይቼ የተማርኩት እዚያው ባሌ ከተሠራ ሥራ ነው፡፡ ከሮቤ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ዲንሾ አለች፡፡ መልካ ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት በዲንሾ ነዋሪዎች የአካባቢያቸውን ቅርጽ በሞዴል እንዲሠሩ አድርጓል፡፡ የከፍታ መስመሮች በካርቶን ላይ እየተቀዱ ይቆረጣሉ፤ ተደራርበው ሲጣበቁ ተራራውና ሸለቆው ይወጣል፡፡ ከዚያ ነዋሪው ወንዙን፣ ደኑንና እርሻውን በቀለም፣ በክርና በስፒል ያመለክትበታል፡፡ ዶ/ር ሚሊዮን በላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሮድስ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ይህንን ሥራ መርምረውታል፡፡ እንዲህ ባለው ሞዴል ፊት ፊደል ያልቆጠረ አዛውንትም «የለም፣ ምንጩ እዚህ ነው» ብሎ የተማረውን ያርማል፡፡

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ነገሮችን እጠብቃለሁ፡፡ አንድ ሥዕል አንድ ሐሳብ ብቻ ይይዛል፡፡ ጽሑፉ ከመጨረሻው ወንበር መነበብ አለበት፡፡ ተናጋሪው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሰው እንጂ ወደ ግድግዳ አይደለም፡፡ የተነገረበት ሥዕል ይሸፈናል፡፡ መብራት ቢጠፋ የሚተካ ወረቀት አይታጣም፡፡ ከሁሉም በላይ ታዳሚው ሊነካውና ሊያርመው የሚችል ቢሆን ይመረጣል፡፡

በኋላ ጎባ ስጋበዝ የያዝኩት የሁለት ጎረቤታሞች ማሳ የተነደፈበት ትልቅ ወረቀትና ማርከር ነበር፡፡ አንዲት እናት ተነሥተው ማርከሩን ተቀበሉኝና፣ «ወሰን እንዲህ ቀጥ አይልም፣ ወንዙን ይከተላል» ብለው አስተካከሉት፡፡ ቀጥለውም ባላቸው ሲሞት ወሰናቸው እንዴት እንደተገፋ እዚያው ላይ አሳዩን፡፡ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ማረጋገጫ በሁለቱም ስም መውጣት እንዳለበት ያስረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ቀን ለምን እንደሚያስፈልግ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፡፡