ከሾርባ ቤት ወደ ቢሮ ህንፃ፦ የኢስታንቡሉ አራተኛው ወቅፍ ኻን ምን ያስተምረናል?



ከቱርክ የተመለሰ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ባለ 20 ሊራ ኖት ቀርቶት እንደሆነ ጠይቁት። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በወጣው በዚህ ኖት ጀርባ ላይ የአንድ ሰው ምስል ታገኛላችሁ። ሰውየው ሚማር ከማለዲን ይባላል። «ሚማር» በቱርክኛ የህንፃ ንድፍ ባለሙያ ማለት ነው። በ1920ዎቹ የፍልስጤም ሙስሊሞች ከፍተኛ ምክር ቤት የመስጂደል አቅሷን እድሳት እንዲመራ ወደ ቁድስ የጠራው እሱን ነበር።

ዛሬ ግን የምንነጋገረው ይኸው ሰው በኢስታንቡል መሐል ከተማ ስላቆመው አንድ የቢሮ ህንፃ ነው። ህንፃው «አራተኛው ወቅፍ ኻን» ይባላል። አሁንም ቆሟል፣ ያምራልም። እኛን ያሳሰበን ግን እሱ እንዲቆም ከስፍራው የተነሳው ነገር ነው።

▪️ ስፍራው ቀድሞ ምን ነበር?

ኢስታንቡል ውስጥ ሲርኬጂ የሚባል ሰፈር አለ። ከወደቡና ከገላታ ድልድይ አጠገብ ነው። እዚያ ሱልጣን አብዱልሐሚድ ቀዳማዊ (ከ1774 እስከ 1789 የነገሱት ናቸው፤ በስፋት ከሚታወቁት ከዳግማዊ አብዱልሐሚድ ጋር እንዳናምታታቸው) በስማቸው «ሐሚዲየ» የተባለ ትልቅ የወቅፍ ግቢ አሰሩ። ግቢው መድረሳ፣ የመፅሐፍት ቤት፣ የህፃናት ቁርኣን ቤትና ለመንገደኛ ውሃ በነፃ የሚቀዳበት «ሰቢል» ነበረው። ሱልጣኑም ሲሞቱ የተቀበሩት እዚያው ነው።

በግቢው ውስጥ «ኢማሬት»ም ነበር። ኢማሬት ማለት በየቀኑ ዳቦና ሾርባ እየተሰራ ለተማሪ፣ ለመስጂድ አገልጋይና ለድሃ የሚታደልበት ማዕድ ቤት ነው። የሐሚዲየው ኢማሬት የተሰራው እ.ኤ.አ. በ1777 ነው። ወጪው የሚሸፈነው ለወቅፉ ከተመደቡ ሱቆችና ሌሎች ንብረቶች በሚገኝ ገቢ ነበር።

የወቅፍ አሰራር መሰረቱ ይህ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ባማከሩ ጊዜ የተሰጣቸው ምክር ዋናውን ይዘው ፍሬውን ሰደቃ እንዲያደርጉት ነበር። በዚህም መሰረት መሬቱ እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ አድርገው ፍሬውን ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛና ለመሳሰሉት መደቡት። ዋናው ይቆማል፤ ፍሬው ይፈሳል። ሰጪው ቢሞትም ምንዳው አይቋረጥም። ሰደቀቱል ጃሪያ ያልነው ይህንኑ ነው።

▪️ ማዕድ ቤቱ ለምን ቀዘቀዘ?

ኢማሬቱ በአንድ ቀን አልፈረሰም። ከመፍረሱ ከብዙ ዓመታት በፊት መድከም ጀምሮ ነበር። ለዚህም ቢያንስ ሦስት ምክንያቶችን መጥቀስ ይቻላል።

አንደኛው የኪራይ ውል ነው። በዑስማኒያ ዘመን «ኢጃረተይን» (ሁለት ኪራይ) የሚባል አሰራር ተስፋፍቶ ነበር። ተከራዩ መጀመሪያ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚከፍለው ትንሽ ነው። የተጎዳን ወይም የተቃጠለን ህንፃ ቶሎ ለማስጠገን ዘዴው ጠቅሟል። ነገር ግን የገንዘብ ዋጋ በወረደ ቁጥር ዓመታዊው ኪራይ ዋጋ ቢስ ሆነ። ንብረቱ በስም የወቅፍ ሲሆን ጥቅሙ የተከራዩ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው አስተዳደሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 ሱልጣን ማሕሙድ ሁለተኛ የወቅፍ ሚኒስቴር አቋቋሙ። ቀድሞ እያንዳንዱ ወቅፍ የራሱ «ሙተወሊ» (አስተዳዳሪ) ነበረው። ቀስ በቀስ ገቢው ወደ አንድ ካዝና መግባት ጀመረ። ብልሹ አሰራርን ለማረም የታሰበ እርምጃ ነበር፤ ግን መንግስት ገንዘብ ሲያጥረው እጁን የሚሰድበት ቅርብ ሳጥንም ሆነ። የአንዱ ወቅፍ ገንዘብ ለአንዱ ማዕድ መድረሱን የሚከታተል ባለቤት ጠፋ።

ሦስተኛው ቦታው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ከአውሮፓ የሚመጣው ባቡር ማረፊያ የሆነው የሲርኬጂ ጣቢያ ተከፈተ። ባንኮችና የንግድ ድርጅቶች በሰፈሩ በዙ። እ.ኤ.አ. በ1909 ደግሞ ትልቁ ፖስታ ቤት እዚያው አቅራቢያ ተጠናቀቀ። የመሬቱ ዋጋ ሰማይ ነካ። በከተማው ውዱ ቦታ ላይ ያረጀ ሾርባ ቤት ቆሟል። ሚኒስቴሩ የታየውን እኛም ብንሆን ይታየን ነበር፤ ይህ ቦታ ብዙ ገንዘብ ሊያመጣ ይችላል።

▪️ ከማለዲንና ወቅፍ ኻኖቹ

ከማለዲን የተወለደው በ1870 ነው። ምህንድስናን በኢስታንቡል፣ ቀጥሎም በበርሊን ተማረ። የሲርኬጂን ጣቢያ የነደፈው ጀርመናዊው ያስሙንድ መምህሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 በወቅፍ ሚኒስቴር የግንባታና የእድሳት ክፍል ኃላፊ ሆነ። ስራው ሁለት መልክ ነበረው፦ ያረጁ መስጂዶችን መጠገን፣ ለወቅፉም ገቢ የሚያመጡ አዳዲስ ህንፃዎችን መስራት። «ወቅፍ ኻን» የተባሉት በቁጥር የተሰየሙ የኪራይ ህንፃዎች የመጡት ከዚህ ነው። ሐሳቡ ግልፅ ነበር፤ ቢሮው ይከራያል፣ ኪራዩ መስጂዱን ያድሳል።

አራተኛው ከሁሉም ገነነ። ውስጡ የብረት አፅም ያለው ዘመናዊ ስራ ነው፤ ውጪው በተጠረበ ድንጋይ ለብሷል። መስኮቶቹ ቀስት ደጋን አላቸው፤ ማዕዘኖቹ ላይ ጉልላት ተቀምጧል። ከማለዲን ዘመናዊ ቢሮ የግድ የአውሮፓን ልብስ መልበስ የለበትም የሚል ሰው ነበር።

ይህ ህንፃ እንዲቆም የሐሚዲየው ኢማሬት ፈረሰ። ሰቢሉ ከቦታው ተነቅሎ ጉልሃኔ መናፈሻ ፊት ለፊት ወዳለው ዘይነብ ሱልጣን መስጂድ ጎን ተወሰደ። ከግቢው መድረሳውና የሱልጣኑ መቃብር ቀሩ። መድረሳው በኋላ የኢስታንቡል የምርት ገበያ መቀመጫ ሆነ። መፅሐፍቱ ዛሬ የሚገኙት በሱለይማኒየ ቤተ መፅሐፍት ነው።

ከዚያስ የታሰበው ገቢ መጣ? የሰው እቅድና የአላህ ቀደር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ግንባታው ሳያልቅ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1918 ዑስማኒያ ተሸነፈች፤ ኢስታንቡልም በወራሪ ኃይሎች ተያዘች። ባልተጠናቀቀው ህንፃ ውስጥ የፈረንሳይ ወታደሮች ሰፈሩ። ለመስጂድ ጥገና ገቢ ያመጣል የተባለው ህንፃ የወራሪ ካምፕ ሆነ። ህንፃው የተጠናቀቀው በ1926 ነው። በዚያን ጊዜ ያሰራው ሚኒስቴር የለም፤ በ1924 ተሽሮ በአጠቃላይ የወቅፎች ዳይሬክቶሬት ተተክቷል። ሱልጣኔቱም ኺላፋውም የሉም። ከማለዲንም ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1927 ሞተ።

ህንፃው ለአስርት ዓመታት የነጋዴዎችና የድርጅቶች ቢሮ ሆኖ አገለገለ። የአክሲዮን ገበያውም ለተወሰነ ዘመን እዚያ ነበር። በ2000ዎቹ ደግሞ ታድሶ ሆቴል ሆነ። ዛሬ ቱሪስት ቁርሱን የሚበላው ተማሪና ድሃ ሾርባ ይቀበሉበት በነበረው መሬት ላይ ነው።

▪️ ታዲያ ማን ተሳሳተ?

በችኮላ እንዳንፈርድ። ማዕድ ቤቱ ደክሞ ነበር። ገቢ ከሌለው ወቅፍ ገቢ ያለው ይሻላል የሚለው ክርክር የባዶ ሰው ወሬ አይደለም። የፊቅህ ሊቃውንትም ተወያይተውበታል። ወቅፍን በሌላ ንብረት መለወጥ «ኢስቲብዳል» ይባላል። በሐነፊዮች ዘንድ ኢማም አቡ ዩሱፍ ለወቅፉ የሚበጅ ከሆነ ፈቅደዋል። ሐንበሊዮች ጥቅሙ ሲቋረጥ ይፈቅዳሉ። ማሊኪዮችና ሻፊዒዮች አጥብቀው ይይዛሉ። ፈትዋ መስጠት የዓሊሞች እንጂ የእኛ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን የፈቀዱትም ቢሆኑ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ለውጡ የሚጠቅመው ወቅፉን ነው ወይስ ሌላውን?

በእኛ እይታ የሲርኬጂው ታሪክ ህመም ያለው እዚህ ነው። የአብዱልሐሚድ ቀዳማዊ ወቅፍ ተጠቃሚዎቹን ለይቶ ያውቅ ነበር፦ ይህ ተማሪ፣ ይህ አገልጋይ፣ ይህ ድሃ። የአዲሱ ህንፃ ኪራይ ግን የሚገባው ወደ አጠቃላይ ካዝና ነው። ህንፃው አደገ፤ ተራብኩ ብሎ ሳህኑን ይዞ የሚመጣው ሰው ግን ከሒሳቡ ውስጥ ወጣ። ድንጋይ ቢፈርስ በድንጋይ ይተካል። ከሰነድ የወጣ ድሃ ግን ተመልሶ የሚገባበት በር የለውም።

▪️ ከዚያው ሰፈር አንድ የሐበሻ ወቅፍ

ሰቢሉ ከተወሰደበት ቦታ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ሌላ ወቅፍ አለ። የሐጂ በሺር አጋ ግቢ ይባላል፤ መስጂድ፣ መድረሳ፣ የመፅሐፍት ቤትና ሰቢል ያለው ሲሆን የተሰራው በ1740ዎቹ አጋማሽ ነው። በሺር አጋ የተወለደው በሐበሻ ምድር ነው። በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ፣ ተኮላሽቶ ወደ ዑስማኒያ ቤተ መንግስት ገባ። ከ1717 እስከ 1746 እስኪሞት ድረስ የሐረም ሹም ሆነ። ይህ ሹመት የመካና የመዲናን ታላላቅ ወቅፎች መቆጣጠርንም ይጨምር ነበር። ልጅ መውለድ የተከለከለ ሰው ስሙን የሚያቆይለት ወቅፉ ብቻ ነበር። መስጂዱ ዛሬም አለ። በሲርኬጂ የምታልፉ ወገኖቻችን ጎራ ብላችሁ ዱዓ አድርጉለት።

▪️ ወደ እኛ ስንመለስ

በኛም ሀገር የመሐል ከተማ መልክ እየተቀየረ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም እንዴት እንደተቀየረች አይተናል፤ የኮሪደር ልማቱ በየክልል ከተማው ቀጥሏል። መስጂዶቻችን ደግሞ ብዙዎቹ ገበያ መሐል ናቸው። ዙሪያቸውን ሱቆች አሏቸው። ነገ «ይህን አሮጌ ግቢ አፍርሰን ባለ ብዙ ፎቅ ቢሮ እንስራበት» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ በአንዳንድ ቦታ መጥቷልም። ሐሳቡ በራሱ ጠላት አይደለም። የበሰበሰ ቆርቆሮ ስር ተቀምጦ ወቅፍን ጠበቅሁ ማለት አይቻልም።

ግን ከሲርኬጂ የተማርነውን እንጠይቅ። የሰጠው ሰው ማነው? ለምን ዓላማ ሰጠ? የት ተፅፏል? አዲሱ ህንፃ ሲቆም ኪራዩ ለማን ይሄዳል፣ በየዓመቱስ ሒሳቡን ማን ያያል? የሱቁ ኪራይ ከገበያው ጋር ይሻሻላል ወይስ እንደ ኢጃረተይን ለተከራዩ ሲሳይ ሆኖ ይቀራል?

ሰነድ ማጣት ምን እንደሚያስከትል ከራሳችን ታሪክም እናውቃለን። በሐምሌ 1967 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግስት ሲዛወር የመስጂድ ኪራይ ቤቶችም አላመለጡም። ከዓመታት በኋላ የኛ ነበር ብሎ ለመጠየቅ ወረቀት ያስፈልጋል። ብዙ ወቅፍ ግን የተሰጠው በቃል ነው፤ በሽማግሌዎች ፊት፣ ፋቲሓ ተቀርቶ። ምስክሮቹ ሲያልፉ ነገሩም አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ስራ እንስጣችሁ። በዚህ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ በመስጂዳችሁ አንጋፋ የሆኑትን አባት ቀርባችሁ «አባባ፣ ይህን ቦታ ማን ነው የሰጠው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። የቆየ ካርታ፣ የኪራይ ውል፣ የቃለ ጉባኤ መዝገብ ካለ በኮሚቴው ፈቃድ ፎቶ አንሱትና ቅጂውን ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ። ከእናቶችም ጠይቁ፤ መሬታቸውንና ወርቃቸውን የሰጡ ሴቶች ስም ከወንዶቹ ፈጥኖ ይረሳል።

እንደ ከማለዲን ህንፃ መንደፍ ለሁላችንም አይገራም። የሰጪውን ስምና ኒያ መዝግቦ ማቆየት ግን ስልክ የያዘ ሁሉ ይችለዋል። ቆፋሪው ማሽን ከመጣ በኋላ ግን የሚጠየቁት አባት ላይኖሩ ይችላሉ።

አላህ ለወቅፍ ያዋሉትን ሁሉ ይቀበላቸው፤ እኛንም አማና ጠባቂ ያድርገን። አሚን።