የቆጡና የብብቱ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ብዙውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስግብግብን ለመገሠጽ ነው። ምክሩን ለአፍታ ትተን ሴትዮዋን ብንመለከት ግን ሌላ ነገር እናያለን። አንዱ ዕቃዋ ከራሷ በላይ ቆጥ ላይ ወጥቷል፤ ሌላው መቀመጫ አጥቶ ብብቷ ሥር ተወሽቋል። ስግብግብ ትሁን አትሁን እንጃ፣ ቦታ የጠበባት መሆኗ ግን አያጠራጥርም። ጠባብ ቤት ውስጥ ኖሮ የማያውቅ ሰው ይህን ተረት አይፈጥረውም።

የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ጦር ሜዳ ብዙ ይነግሩናል። ተራው ሰው ዕቃውን የት ያስቀምጥ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ መልሱ ስለ ረሃብ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ንግድና ስለ አዋጅ ያወራል። እስቲ ከጓዳ እንጀምር።

ጎታ፣ ጎተራ፣ ጉድጓድ

የደጋው ሰው ጎጆ ክብና አንድ ወጥ ነው። ሰውና እህል፣ አንዳንዴም ጥጃና ዶሮ አብረው ያድሩበታል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሴቶች እጅ የሠራው ጎታ ትልቁን ቦታ ይይዛል። ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር ይቦካል፤ እየተድቦለቦለ በዙር በዙር ይነሣል፤ አንዱ ዙር ሲደርቅ ሌላው ይደረብበታል። ከበታቹ ትንሽ ቀዳዳ ይተውለትና በውታፍ ይደፈናል። እህሉ በላይ ይገባል፣ በታች ይቀዳል። ስለዚህም ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሌላው አገልግሎቱ ነው። ጎታዎቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግድግዳ ሆነው መኝታውን ከጓዳው ይለያሉ። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ሲሠራ ማለት ይህ ነው።

ጎተራ ደግሞ የውጭው ነው። ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ ተጠልፎ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ አይጥና እርጥበት እንዳይደርስበት ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ይቆማል። የአዲስ አበባው «ጎተራ» ሠፈር ስሙን ያገኘው ከትላልቆቹ የእህል መጋዘኖች መሆኑን ልብ ይሏል። ከተሜው አዲሱን ነገር በአያቱ ቃል ጠራው ማለት ነው።

በሐረርጌና በሌሎችም አካባቢዎች ማሽላ በጉድጓድ ይቀበራል። ጠርዙ ላይ ያለው እህል እርጥበት እየሳበ ይበላሻል፤ መካከሉ ግን ይተርፋል። ታዲያ ገበሬው ይህን እያወቀ ለምን ይቀብራል? አንደኛው ምክንያት ነቀዝ ነው፤ አየር ባጣ ጉድጓድ ውስጥ ነቀዝ አይበረታም። ሁለተኛው ምክንያት ሰው ነው። በቀደመው ዘመን ዘማች ሠራዊት ስንቁ ሲያልቅ የሚቀለበው ባለፈበት አገር ካለው ገበሬ ጎተራ ነበር። ከሩቅ የሚታይ ጎተራ «ኑ ብሉኝ» ይላል። አፉ ተደፍኖ አፈር የለበሰ ጉድጓድ ግን ዝም ይላል።

ጤፍን ደግሞ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ፍሬው ደቃቅ ነውና ገብቶ የሚራባበት ቦታ የለውም። በዚህ ምክንያት ገበሬው ጤፍን ለዓመታት ያቆያል፤ አልፎም በማሽላና በሌላው እህል መካከል እየሞላ ጠባቂ ያደርገዋል። «ለክፉ ቀን» የምንለው አነጋገር ባዶ ቃል አይደለም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱን የመታውን፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሰው በረሃብ የረገፈበትን ዘመን ሕዝቡ ራሱ «ክፉ ቀን» ብሎ ነው የሰየመው። ጎታ መሥራት ማለት ያን ቀን ማሰብ ማለት ነበር።

ግድግዳ የሚሸከመው

ወለሉ ሲሞላ ዓይን ወደ ግድግዳ ይሄዳል። ስልቻው፣ ቅሉ፣ አገልግሉ፣ ጋሻው ሁሉ ኩላብ ወይም ቀንድ ላይ ይንጠለጠላል። ካህናቱም መጻሕፍታቸውን እንዲሁ ነበር የሚያኖሩት። የብራናው መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ይገባና በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሮበርት ከርዘን የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1837 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ በናጥሩን ሸለቆ ባለ ገዳም የሐበሻ መነኮሳትን መጻሕፍት ያገኘው በዚህ ሁኔታ፣ ከእንጨት ኩላብ ላይ ተንጠልጥለው ነው። በ1849 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉም ይህንኑ ገልጾ ጽፏል። መደርደሪያ የሌለው ቤተ መጻሕፍት ለእሱ እንግዳ ነገር ነበር። ለመነኮሳቱ ግን ከምስጥ፣ ከአይጥና ከእርጥበት መሸሻ ነው። መንገድ ሲነሡም አውርዶ ማንገት ብቻ ነው።

ቃሎቻችንም ይህን ታሪክ ይዘው ቀርተዋል። የመጽሐፉ ከረጢት የነበረው «ማኅደር» ዛሬ የመሥሪያ ቤት ፋይል ሆኗል። «መዝገብ» በግዕዙ የከበረ ነገር የሚከማችበት ቤት ነው፤ ዛሬ ስም የሚጻፍበት ደብተር ነው። «ሙዳይ» የሴት ጌጥ ማኖሪያ ነበረ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ «ሙዳየ ምጽዋት» ሆኖ ቆመ።

ግድግዳን ለማስቀመጫ በማዋል ግን የሐረርን ሰው የሚያህል የለም። በጥንታዊው የሐረሪ ቤት ሳሎኑ «ነደባ» በሚባሉ ከፍታቸው በሚለያይ 5 መደቦች የተሞላ ነው። ወንበርና ጠረጴዛ ቦታ አይሻሙም። በወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ መስኮት የሚመስሉ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች ተፈልፍለው ጽዋው፣ ሣህኑ፣ መጽሐፉ ይቀመጥባቸዋል። ከዚያ በላይ የባለቤቲቱ የእጅ ሥራ የሆኑት ስፌቶች ይሰቀላሉ። ሲፈለጉ ይወርዳሉ፣ ሳይፈለጉ ጌጥ ናቸው። የጀጎል ግንብና በውስጡ ያለው ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ እነዚህ ቤቶችም አብረው ከበሩ።

የቆርቆሮ ዘመን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የባሕር ማዶ ሸቀጥ እየበዛ መጣ። ከሸቀጡ ጋር ማሸጊያውም መጣ። ላምባው ነዶ ያልቃል፣ ቆርቆሮው ይቀራል። ጨርቁ ይሸጣል፣ ሣጥኑ ይቀራል። ጓዳው ውስጥ ከእንስራውና ከማድጋው ጎን ጣሳና ጆንያ ቦታ ያዙ። ጆንያ የሚለው ቃል እንኳ ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር የመጣ ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም «ጉኒያ» ይለዋል። የኋላ ኋላ የማዳበሪያ ከረጢት ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ከረጢቱ ራሱ «ማዳበሪያ» ተባለ፤ ዛሬ «አንድ ማዳበሪያ ከሰል» ስንል ማንም አይደናገርም። የወተት ዱቄት ጣሳም ወተቱ ካለቀ በኋላ ገበያ ወጥቶ የእህል መስፈሪያ ሆነ።

በፋሽስት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ መርካቶ ተወለደ። «ኮመዲኖ» እና «ካሳ» የሚሉት ቃላትም ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። «ቁም ሣጥን» ግን የራሳችን ነው። ተጋድሞ የኖረው ሣጥን ወለል ስለጨረሰ አቆሙት፤ ስሙም ይኸው ሆነ።

ከመርካቶ ተራዎች ሁሉ ለዚህ ታሪክ የሚቀርበው ምናለሽ ተራ ነው። አሮጌ በርሜል እዚያ ገብቶ ምድጃና መጥበሻ፣ የዘይት ጣሳ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ሆኖ ይወጣል። ጄሪካንም የተለየ ታሪክ አለው። ጀርመኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጦር ሠራዊታቸው የሠሩት 20 ሊትር የሚይዝ የነዳጅ ዕቃ ነበር። እንግሊዞች ጀርመንን በቅጽል ስም «ጄሪ» ይሉት ስለነበር ዕቃውንም በዚያው ጠሩት። የጦር ሜዳው ዕቃ ፕላስቲክ ለብሶ እኛ ዘንድ ሲደርስ እንስራን ከሴቶቻችን ጀርባ አወረደ።

አዋጁና ቆጡ

አሁን ወደ ተረታችን ቆጥ እንመለስ። በገጠሩ ቤት ቆጥ ዶሮ የሚያድርበት፣ ዕቃ የሚወጣበት ርብራብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ቆጥ የሰው መኝታ ሆነ። ይህ እንዴት ሆነ?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ የኪራይ ዋጋም ቀነሰ። ለዘመናት በአከራይ ፊት ሲሸማቀቅ ለኖረው ተከራይ ይህ ትልቅ እፎይታ እንደነበር መካድ አይቻልም። ሆኖም ለማከራየት ቤት መሥራት ክልክል ስለሆነ አዲስ ቤት እንደ ልብ አልተጨመረም። ከግቢ ጀርባ ለሠራተኛ ተብላ የተሠራች ሰርቪስ ቤት የቤተሰብ መኖሪያ ሆና ቀረች። ልጅ ተወለደ፣ አደገ፣ አገባ፣ ወለደ። ክፍሏ ግን ያችው አንዷ ናት።

ቤቱ የቀበሌ ነውና ወደ ጎን ማስፋት ፈቃድ ይጠይቃል። ወደ ላይ ግን ጣራው እስኪነካ ድረስ ጠያቂ የለም። አባወራው አጣና ገዝቶ ሳንቃ ረበረበበት፣ መሰላል አቆመ፤ ልጆቹ ወደ ቆጥ ወጡ። ከቆጡ ሥር አልጋ፣ ከአልጋው ሥር ሻንጣ፣ ከሻንጣው ጎን የጤፍ ጆንያ። አልጋው ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ነው። በጋዜጣ የተለበጠው የጭቃ ግድግዳ ላይ ምስማር ተመትቶ ልብስ ይሰቀላል። ረከቦቱ ሲኒዎቹን ይሸከማል፤ መሶቡ እንጀራውን ያኖራል፤ ሰው ሲመጣም ማዕድ ይሆናል። እነዚህን ሁሉ ያስተማረ ትምህርት ቤት የለም። ችግር ነው ያስተማረው።

ይህን ስንል ግን ድህነትን ማሞገስ እንዳይሆንብን። በቆጥ ላይ የሚተኛ ልጅ የምድጃውን ጢስ ሁሉ ይጠጣል። እሳት ቢነሣ የሚወርድበት አንድ መሰላል ብቻ ነው። ብልኃቱ የሚደነቅ፣ ብልኃቱን ያስገደደው ኑሮ ግን የማይናፈቅ ነው።

ሻንጣው ሲወጣ

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ተሠሩ፤ ሠፈሮች ፈረሱ፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ጥንታዊ መንደሮችም ተነሡ። ብዙ ቤተሰብ ከጭቃ ቤት ወደ ፎቅ ወጣ። ጠባብነቱ ግን ተከትሎት ሄደ። ስቱዲዮ የሚባለው ክፍል ከ30 ካሬ ሜትር ብዙም አያልፍም። ቆጥ የለውም፣ ጓሮ የለውም፣ የብሎኬቱ ግድግዳም እንደ ጭቃው ቤት ምስማርን እሺ ብሎ አይቀበልም፤ በድሪል ተበስቶ ፊሸር ይፈልጋል።

እንግዲህ የአያቶቻችን ብልኃት እዚህ ላይ ይጠቅማል። የአልጋውን እግሮች በብሎኬት ላይ ያቆመ ሰው በትንሽ ወጪ ከሥሩ አንድ ጓዳ ያገኛል፤ ብሎኬቱ ደልደል ብሎ መቀመጡን ማረጋገጥ ግን ግድ ነው። የእንጨት ካሳዎች ተደራርበው ከግድግዳ ጋር ሲታሠሩ መደርደሪያ ናቸው። ከአሮጌ አንሶላ የተሰፋ ባለ ብዙ ኪስ ጨርቅ በር ጀርባ ቢሰቀል ማበጠሪያውን፣ መቀሱን፣ የልጆችን ካልሲ ይሸከማል። ሽሮና በርበሬ እኩል መጠን ባላቸው ጣሳዎች ቢቀመጡ መደራረብ ይቻላል። የእህል ጆንያ ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ ሲሚንቶ እርጥበት ያሳልፋል። ጎተራው በድንጋይ ላይ እንደቆመ፣ ጆንያውም በርብራብ እንጨት ላይ ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ ይቁም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠው ክኒን ሰው በሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይገባም። የሚያወጣው ጋዝ ነቀዝን ብቻ ለይቶ አይገድልም። የኬሚካል ዕቃም የቱንም ያህል ቢታጠብ የምግብና የውኃ ማስቀመጫ አይሆንም።

ከዕቃው ሁሉ የሚያሳስበው ግን ከአልጋ ሥር ያለው ሻንጣ ነው። በዚያ ውስጥ የአባት የሥራ ደብዳቤ፣ የእናት የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የዕድር ደብተር፣ ከግንባር የተላከ ደብዳቤ፣ የቀበሌ መታወቂያ አለ። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ጠባቧ ቤት አቅፋ ያኖረችው የከተማዋ ማኅደር ይህ ነው። ለተራው ሰው ታሪክ ሌላ ማኅደር አልተሠራለትም። ቤት ሲለቀቅ፣ መኪና ሲቸኩል «ይህ ወረቀት ምን ያደርጋል» ተብሎ በመጀመሪያ የሚጣለውም እሱ ነው። አዲሱን ቁም ሣጥን ለማስገባት አሮጌውን ሻንጣ የጣለ ቤተሰብ ተረቷ ላይ ያለችውን ሴት ይመስላል።

የሚጠይቀው ወጪ ደግሞ ይህን ያህል አይደለም። አንድ ክዳን ያለው ደረቅ ሣጥን፣ አንድ እርሳስና አንድ ከሰዓት በኋላ በቂ ነው። ታላላቆች በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጦ «እማማ፣ ይቺ ማን ናት? በስንት ዓ.ም. የተነሣችሁት ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በፎቶግራፉ ጀርባ ቀስ ብሎ በእርሳስ መጻፍ ነው።