የፊታችን ቀለምና የፎቶግራፍ ታሪክ

ሰው መልኩን ለልጅ ልጁ ማቆየት ይወዳል። በአማርኛችንም የሰው መልክ በአንድ ቃል አይጠቀለልም፤ ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ፣ ቀይ እያልን እንለያለን። ፎቶግራፍ ግን ይህን ልዩነት ለመማር ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እኛ የአንበሳሜ ተማሪዎች በዚህ የበዓል መጽሔት ታሪኩን ባጭሩ ለማቅረብ አሰብን።

የታሪኩ መነሻ ከእኛ ብዙ አይርቅም። ደብረ ታቦርን ከተማቸው አድርገው በጋፋት መድፍ ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ላይ ሲወድቁ፣ የዘመተባቸው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው ነበር። ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደውን ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁንም ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ በዚያው ዓመት አነሣችው።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው መድኃኒት በተቀባ መስተዋት ላይ ነው። መድኃኒቱም ሰማያዊውን ብርሃን እንጂ ቀዩን አያይም። የጠይም ሰው ቆዳ ደግሞ ከሰማያዊው ይልቅ ቀዩን ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል። ስለዚህ ጠይሙ ፊት ከመልኩ ይልቅ ጠቁሮ ይወጣ ነበር። ጉድለቱ የመድኃኒቱ እንጂ የሰውየው አልነበረም። ጀርመናዊው ሊቅ ፎግል እ.ኤ.አ. በ1873 መድኃኒቱ አረንጓዴን እንዲያይ የሚያደርግ ብልሃት አገኘ፤ ቀዩንም የሚያየው መስተዋት እ.ኤ.አ. በ1906 ለገበያ ቀረበ።

በአገራችንም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ገብተው የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወረሱ። የቀለም ፊልም ከመስፋፋቱ በፊት የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ኔጌቲቩን በሹል እርሳስ ይነካኩት ነበር፤ እርሳስ ያረፈበት ቦታ ብርሃን ስለሚከለክል በወረቀቱ ላይ ነጣ ብሎ ይወጣል። በዚህም የፊት ነጠብጣብና መጨማደድ ይለዝብ ነበር። ከዚያም ጉንጭና ከንፈር በእጅ ቀለም ይቀባል።

የቀለም ፊልም በመጣ ጊዜ ሌላ ችግር ተከተለ። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው «ሸርሊ» የተባለው የመለኪያ ካርድ የነጭ ሴት ምስል ያለበት ነበር፤ የሌላው ሕዝብ ፊት ሁሉ በእርሷ ልክ ተሰፈረ። ቡናማው ቀለም እንዲሻሻል ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የቤት ዕቃ ነጋዴዎች አቤቱታ እንደሚገኝበት ተጽፏል። ለእንጨቱ የተሰጠው ጆሮ ለሰው ፊት መዘግየቱ ያሳዝናል! የልዩ ልዩ ሕዝብ ሴቶች በአንድነት የሚታዩበት ካርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የጉግል ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ማንክ የተባለው ሊቅ ያዘጋጀውን 10 ደረጃ ያለው የቆዳ ቀለም መለኪያ ለሕዝብ አቀረበ።

ዛሬ መሣሪያው በእጃችን ነው። በጥላ ሥር የተነሣ ጠይም ፊት፣ ከሰማዩ በሚወርደው ሰማያዊ ብርሃን ምክንያት አመድ መስሎ ይወጣል። መድኃኒቱ ፊቱን ማንጣት አይደለም፤ ሰማያዊውን ቀንሶ ቢጫውንና ቀዩን በጥቂቱ መጨመር ነው። ግንባሩ አብርቶ ጉንጩ ቢጠቁርም ሁለቱን ማቀራረብ እንጂ ጥላውን ፈጽሞ ማጥፋት አይገባም፤ ጥላ የሌለው ፊት እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ይሆናልና።

ሆኖም ለሠርግና ለምረቃ ፎቶግራፍ «ቀላ አድርግልኝ» የሚል ጥያቄ ዛሬም ይሰማል። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ቀድሞ መልካችንን ያበላሸው የመሣሪያው ድንቁርና ነበር፤ አሁን ግን መሣሪያው ሲማር እኛው በፈቃዳችን ብናበላሸው ማንን እንወቅሳለን? የልጅ ልጆቻችን ፎቶግራፋችንን ሲያዩ «ዓይኔ የአያቴን ይመስላል፣ ጠይምነቴም ከእርሷ ነው» ማለት እንዲችሉ፣ መልካችንን አሳምረን እንጂ ለውጠን አናውርሳቸው።