ያለ ጂም ሰውነትን ማጠንከር፦ ቀላልና ውጤታማ እንቅስቃሴዎች

ሰውነትን ለማጠንከር ጂምም ሆነ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። እንደ ዳሪሙ ባሉ የኢሉ አባ ቦር ዞን ወረዳዎች ለሚኖር ሰው የቤቱ ደጅ፣ ዳገቱና የውኃ ጀሪካኑ ለጀማሪ ይበቃሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ቢያንስ 2 ቀን እንዲያክሉ ይመክራል። በሥራና በእግር ጉዞ የሚደረግ እንቅስቃሴም በዚሁ ይቆጠራል።

አርሶ አደር ለምን ያስፈልገዋል?

የእርሻ ሥራ ያደክማል እንጂ ሰውነትን በሚዛን አያጠነክርም። አረምና ጉልጓሎ ለሰዓታት ያጎብጣሉ፤ ሸክምም ብዙ ጊዜ በአንድ ትከሻ ላይ ያርፋል። በቡና ለቀማ ወቅት ወገቡ የታመመበት አርሶ አደር ጤናውን ብቻ ሳይሆን የዓመት ገቢውንም ያጣል። ተቀምጠው ለሚውሉ ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ደግሞ እንቅስቃሴው ይበልጥ ያስፈልጋል።

አምስቱ መሠረታዊ እንቅስቃሴዎች

• ቁጢጥ ብሎ መነሳት፦ እግርንና ዳሌን ያጠነክራል።
• ፑሽ አፕ፦ ለደረትና ለክንድ ነው። የከበደው እጁን በግድግዳ ላይ አድርጎ ይጀምር።
• ጀሪካን ወደ ወገብ መሳብ፦ ጀርባን ሳያጎብጡ ከዳሌ ዘንበል ብሎ የሚሠራ ነው።
• ጀሪካን ከመሬት ማንሳት፦ ሸክሙን ወደ ሰውነት አስጠግቶ፣ በእግርና በዳሌ ኃይል ይነሳል።
• ፕላንክ፦ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መቆየት ነው።

ከፕላንክ በስተቀር እያንዳንዱ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በ2 ወይም በ3 ዙር ይሠራል። በዙሮቹ መካከል ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ማረፍ ይገባል። በሳምንት 2 ቀን ይበቃል፤ በሁለቱ ቀናት መካከልም ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን ይኑር።

ጭነትን መጨመር

1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ጀሪካኑ ራሱ መለኪያ ይሆናል። በ5 ሊትር ጀምሮ፣ ሁሉንም ዙር 12 ጊዜ በትክክል መሥራት ሲቻል 1 ወይም 2 ሊትር መጨመር ነው። ከክብደቱ በፊት አሠራሩ ይስተካከል።

ትንፋሽን ማጠንከር

በዳገት ላይ ፈጠን ብሎ መራመድ ልብንና ሳንባን ያጠነክራል። ከአርሲ በቆጂ የወጡት ደራርቱ ቱሉ፣ ጥሩነሽ ዲባባና ቀነኒሳ በቀለ ሩጫን የጀመሩት በዘመናዊ ጂም ውስጥ ሳይሆን በአካባቢያቸው መንገድና ሜዳ ላይ ነው።

ጥንቃቄ

ከመጀመር በፊት ለ5 ደቂቃ ሰውነትን ማሟሟቅ ይገባል። የደረት ሕመም ወይም ማዞር የተሰማው ወዲያውኑ ያቁም። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች አስቀድመው የጤና ባለሙያ ያማክሩ። ከባድ ሸክም በተሸከሙበት ቀን ተጨማሪ ጭነት ማንሳት አያስፈልግም፤ ያ ቀን ለዕረፍት ይሁን።