ሒማ፦ የተከለለው ግጦሽ የማን ነበር?



አርበዒን ሐዲስ የቀራን ሁሉ ስድስተኛውን ሐዲስ እናስታውሳለን፤ ስለ ሐላል፣ ስለ ሐራምና በመካከላቸው ስላሉት አጠራጣሪ ነገሮች የሚናገረውን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጠራጣሪውን የሚዳፈር ሰው፣ በሒማ ዳር ከብቱን እንደሚያሰማራ እረኛ መሆኑን መስለው አስተማሩ። ስንቀራ «ሒማ ማለት የንጉሥ ክልል ነው» ተብሎልን እናልፋለን፤ ትኩረታችን ሐላልና ሐራሙ ላይ ነውና። ሰሓቦች ግን ሒማን በዓይናቸው ያውቁታል። ለእነርሱ ሣር ያለው፣ ዛፍ ያለው፣ ጠባቂ የቆመበት መሬት ነው። የዚህን መሬት ታሪክ ለብቻው ማንሳት ፈለግን።

በጃሂሊያ ዘመን ሒማ የኃይለኞች ነበር። ዑለማዎች እንደሚተርኩት የጎሳው አለቃ ጥሩ ሣር ያለበት ቦታ ሲደርስ ከፍ ካለ ስፍራ ላይ ውሻውን ያስጮኻል። ድምፁ በየአቅጣጫው እስከተሰማበት ያለው ሣርና ውሃ የእርሱ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ውጭ ባለው ደግሞ ከሌላው ሰው ጋር እኩል ያሰማራል! የራሱን ብቻውን ይበላል፣ የሰውን ይጋራል ማለት ነው። በዚህ ስሙ የገነነው የተግሊብ ጎሳ አለቃ ኩለይብ ኢብኑ ረቢዓ ነው። ክልሉ ውስጥ የገባችን የአንዲት በስስ የተባለች ሴት ግመል በቀስት ወጋት፤ እርሱንም ጀሳስ የተባለው የሴትዮዋ ዘመድ ገደለው። በዚህ የተነሳው የበስስ ጦርነት አርባ ዓመት ቆየ ይባላል።

ኢስላም ሲመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሒማ የአላህና የመልእክተኛው ካልሆነ በስተቀር እንደሌለ አወጁ፤ ሐዲሱ በቡኻሪ ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ከማንም በላይ መከለል የሚችሉት እርሳቸው ምን ከለሉ? ከመዲና ወጣ ብሎ የሚገኘውን ነቂዕን። ኢማም አል-ማወርዲ ስፋቱን አንድ ማይል በስድስት ማይል ያህል ያደርጉታል። የከለሉት ለራሳቸው ግመሎች ሳይሆን ለሙስሊሞች ፈረሶች ነበር። የመዲናን ሐረምም ዛፉ እንዳይቆረጥ፣ አውሬው እንዳይታደን አድርገዋል። ዛፉ የራሱ የሆነ ሐቅ ነበረው።

ሌላም ታሪክ አለ፤ ቲርሚዚና አቡ ዳውድ የዘገቡት። አብየድ ኢብኑ ሐማል የተባሉ የየመን ሰው መጥተው በመእሪብ ያለው የጨው ቦታ እንዲሰጣቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ፤ ተሰጣቸውም። ሰውየው ዘወር ሲሉ ከተቀመጡት አንዱ፣ የሰጡት ቦታ ሳይለፉበት እንደሚገኝና እንደማይነጥፍ ውሃ ያለ መሆኑን አስረዳ። ነቢዩም መልሰው ወሰዱት። ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው፣ ሰው ሳይደክምበት ሁሉም የሚጠቀምበት ነገር ለአንድ ሰው በስጦታ አይሰጥም አሉ። በሰፈራችን ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት የኖረ ሜዳ አንድ ቀን በቆርቆሮ ታጥሮ ያየን ሰዎች ይህን ሐዲስ ሁለት ጊዜ ብናነበው አይበዛብንም።

ወደ ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) እንምጣ። ግዛቱ ሰፋ፣ የሶደቃ ግመሉና የጂሃዱ ፈረስ በዛ። ዑመር አሽ-ሸረፍንና ረበዛን ከለሉ። ሑነይ የሚባል ነፃ ያወጡትን አገልጋያቸውን በሒማው ላይ ሾሙት። ቡኻሪ የዘገቡት ምክራቸው እንደ ዛሬ ሰዎች «ማንም እንዳይገባ» የሚል አልነበረም። ለሰዎች ለስላሳ እንዲሆን፣ የተበደለ ሰው ዱዓ ተቀባይነት አለውና እንዲጠነቀቀው ነገሩት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለው ሰው እንዲገባ ፈቀዱ። የማን ከብት እንዳይገባም በስም ጠርተው ነገሩት፦ የዐብዱረህማን ኢብኑ ዐውፍና የዑስማን ኢብኑ ዐፋን። ሁለቱም ጀነት ከተበሰሩት አሥር ሰሓቦች ናቸው! ከለከሏቸው ግን ጥፋት ስላለባቸው አይደለም። ከብታቸው ቢያልቅ የሚመለሱበት ተምርና እርሻ አላቸው። ድሃው ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ ደጃቸው ይቆማል፤ ያኔ ከበይቱል ማል ወርቅና ብር ሊሰጡት ነው። ሣርና ውሃ ደግሞ ከወርቅና ከብር ይረክሳል።

እኛን ከዚህ ሁሉ የሚገርመን የቀጠለው ነው። ዑመር የአካባቢው ሰዎች እንደተበደሉ አድርገው እንደሚያስቡ አልሸሸጉም። መሬቱ አገራቸው መሆኑን፣ በጃሂሊያ የተዋጉለት፣ በኢስላምም ባለቤቱ ሆነው የሰለሙበት መሆኑን ተናገሩ። በአላህ መንገድ ሰው የሚጭኑበት ከብት ባይኖር ኖሮ ከመሬታቸው አንድ ስንዝር እንኳን እንደማይከልሉ በአላህ ማሉ። መሬት የሚከልል ስንት ባለሥልጣን ነው ለባለ መሬቱ እንዲህ የሚናገር?

በኋላ በሰይዲና ዑስማን (ረ.ዐ) ላይ ከተነሱት ክሶች አንዱ ይኸው የሒማ ጉዳይ ሆነ። እርሳቸውም ክልሉ ለሶደቃ ግመሎች እንደሆነ፣ ለራሳቸው የቀሯቸው ለሐጅ የሚሆኑ ሁለት ግመሎች ብቻ እንደሆኑ መልሰዋል።

ፉቀሃዎች ይህን ሁሉ ሰብስበው ሕግ አደረጉት። በ450 ሂጅሪያ ያረፉት አል-ማወርዲ በአል-አሕካሙ አስ-ሱልጣኒያ ኪታባቸው ሒማ ለሁሉም ከተከለለ ሀብታሙና ድሃው፣ ሙስሊሙና ዚምዩ እኩል እንደሚያሰማሩበት ጽፈዋል። ለድሆች ብቻ መከለል ይቻላል፤ ለሀብታሞች ብቻ ግን አይቻልም። ሹም ከባለ ከብቶች የግጦሽ ክፍያ መቀበልም አይፈቀድለትም።

ሒማ በዐረቢያ ተራሮች ላይ በተለይ በጣኢፍ አካባቢ እስከ ቅርብ ጊዜ ኖሯል። የጠባቂዎቹ ብልሃት ብዙ ነበር። አንዳንዱ ሒማ ውስጥ ከብት ጭራሽ አይገባም፤ በድርቅ ጊዜ ግን ሣሩ እየታጨደ ይወሰዳል። ሌላው በወቅት ይከፈታል። አንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፣ የከብቱ ቁጥርና ዓይነት ግን ይወሰናል። አንዳንዱ ለንብ ነው፤ አበባው ካላለፈ ከብት አይደርስበትም። ጥድና ግራር የሚጠበቅበትም ነበር። በ1953 (እ.ኤ.አ.) የሳዑዲ መንግሥት ክልሎቹን ለሁሉም ግጦሽ ክፍት አደረገ። ለድሃ የታሰበ ይመስል ነበር። ነገር ግን ጠባቂ የሌለው መሬት ብዙ ከብትና መኪና ላለው ሆነ፤ ብዙው ተራቆተ። የግጦሽ ባለሙያው ዑመር ድራዝ በ1960ዎቹ መጨረሻ ይህን ሥርዓት አጥንቶ ጻፈ፤ በሶርያም የዘላኖች ማኅበራት በሒማ መልክ እንዲቋቋሙ ሠራ።

በአገራችን መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባለው ደጋ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ሕዝቡ ክርስቲያን ነው፣ ሒማ የሚለውን ቃልም አያውቀውም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግን ቄሮ በሚባል ሥርዓት፣ አባ ቄራ መርጦ፣ ሣሩን አንዳንዴ ለሦስት ከዚያም ለአምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ሣሩ የቤት ክዳን ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በውስጡ ይኖራሉ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቄሮን ሥርዓት አፈረሰው፤ ጓሳም እንደ ጣኢፍ ሒማዎች ለሁሉም ክፍት ሆነ። የመንዝ ሰዎች ግን ዝም አላሉም። የየቀበሌው ሽማግሌዎች ተሰባስበው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ጓሳ ዛሬም በማኅበረሰቡ እንደተጠበቀ ነው።